የእረኛው ውልና የዩኒቨርሲቲው መጽሐፍ

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምንነጋገርበት ጉዳይ፥ በዩኒቨርሲቲ ከሚሰጡት የዕውቀት ዘርፎች መካከል ስሙ በየቤቱ እምብዛም የማይነሣ፥ ጥቅሙ ግን ከየቤታችን ሌማት ጋራ የተያያዘ፥ አሠሪና ሠራተኛ የሚዋዋሉበትን፥ የሚጠቃቀሙበትን፥ ሲጣሉም የሚዳኙበትን ሥርዓት የሚመረምር ትምህርት ነው። ይህ ትምህርት በሕግ ትምህርት ቤት የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ እየተባለ፥ በሥራ አመራር ክፍል ደግሞ ከሰው ኃይል አስተዳደር ጋራ ተጣምሮ ይሰጣል፤ የኢኮኖሚክስና የሶሲዮሎጂ መምህራንም የደመወዝን አወጣጥና የማኅበርን ጠባይ በሚመለከት በየበኩላቸው ከፍለው ይይዙታል።

ከምሥራቅ ጎጃም፥ ከቢቸና ወይም ከሞጣ ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሄደ ልጅ፥ ለዕረፍት ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ አባቱ «ለመሆኑ ምን እየተማርህ ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፥ ልጁም «የአሠሪና የሠራተኛን ነገር» ብሎ ቢመልስ፥ አባትዬው ጥቂት ዝም ብሎ «እሱማ ፋብሪካ ላለው አገር ነው፤ ለእኛ ምን ይረባናል?» ማለቱ አይቀርም። አባባሉ ከመሬት ተነሥቶ የተነገረ አይደለም፤ መጻሕፍቱ ራሳቸው በአብዛኛው ስለ ፋብሪካ፥ ስለ ማዕድን ጕድጓድና ስለ ባቡር ሐዲድ የሚያወሩ ናቸውና። እኔ ግን ዛሬ ለማስረዳት የምፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ይኸውም ፋብሪካ የሌለበት አገር ሠራተኛ የሌለበት አገር አለመሆኑን፥ ይልቁንም ሠራተኛው በማኅበር ያልተደራጀበት፥ ውሉም በጽሑፍ ያልሰፈረበት ቦታ ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ትምህርት የሚያስፈልገው መሆኑን ነው።

ነገሩን ከቅርቡ እንጀምር። በእነማይም ሆነ በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ገበሬ ዘንድ እረኛ ሲቀጠር የሚደረገውን ውል ያላየ ወይም ያልሰማ የአገራችን ሰው አይገኝም። የልጁ አባት ልጁን አስከትሎ፥ የሚያምነውን አንድ ሽማግሌም ይዞ ወደ ባለ ከብቱ ቤት ይመጣል። ጠላ ይቀዳል፤ ስለ ዝናሙ ይወራል፤ ጤፉ ዘንድሮ እንዴት እንደ ያዘ ይጠየቃል፤ ወደ ጉዳዩ የሚገባው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

«እንግዲህ አያ፥ ልጁ የእርስዎ ነው፤ ዓመቱ ሲደርስ የእህሉን ነገር እርስዎ ያውቃሉ» ይላል አባት።

«ኧረ ምን ሲባል! እንደ ልጄ አድርጌ ነው የምይዘው። ጤፉንም አላጓድልበትም፥ ጋቢውንም ለጥምቀት አለብሰዋለሁ» ይላል ባለቤቱ።

ሽማግሌውም «እግዜር ያስማማችሁ» ብሎ ይመርቃል፤ ልጁ በዚያው ያድራል፤ ውሉ ተፈጸመ።

በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ አንድ የሕግ መምህር ለተማሪዎቹ ለብዙ ሳምንት የሚያብራራው ነገር ሁሉ ተጠቅልሎ ይገኛል፤ ተዋዋዮቹ አሉ፥ ሥራው አለ፥ ዋጋው አለ፥ ጊዜው ተወስኗል፥ ምስክርም ተቀምጧል። ነገር ግን ያልተነገረውን ስንቈጥር ከተነገረው ይበልጣል። በግ ቢጠፋ ወይም ጥጃውን ጅብ ቢበላው ዕዳው የማን ነው? ልጁ ወባ ይዞት ሁለት ሳምንት ቢተኛ ዓመቱ ይቈጠርለታል ወይስ ይጎድልበታል? በሐምሌ ጥሎ ቢሄድ እስከዚያ የሠራው ይከፈለዋል ወይስ «ውል አፍርሷል» ተብሎ ባዶ እጁን ይሸኛል? ትምህርት ቤት ሲከፈትስ? ይህን ሁሉ በምርቃቱ ጊዜ የሚያነሣ የለም፤ ማንሣት እንደ አለመተማመን ይቈጠራልና። በግ ሲጠፋ ግን ከጤፉ ላይ ይቀነሳል፤ ያን ጊዜም «እንደ ልጄ» የተባለው ቃል ወዴት እንደ ሄደ የሚጠይቅ አይገኝም፤ ከገዛ ልጁ ቀለብ ላይ የጠፋ በግ ዋጋ የሚቀንስ አባት የለምና።

እንግዲህ በዩኒቨርሲቲ የተማረው ልጅ ይህን ውል በሕጉ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጠው ምን ያገኛል? ዛሬ የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሥራ የሚፈቀደውን ዝቅተኛ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎታል፤ ከዚያ በፊት የነበረው የ1996 ዓ.ም. አዋጅ 14 ነበር የሚለው። አዲሱ አዋጅ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፥ በሌሊትም እንዳይሠማራ ይከለክላል። ከደመወዝ ላይ መቀነስ የሚቻለው በሕግ፥ በኅብረት ስምምነት፥ በሥራ ደንብ፥ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ መሆኑን፥ ቅነሳውም ከወር ደመወዙ ሢሶ እንዳያልፍ ይደነግጋል። የበጉ ዋጋ እንዲህ በዋዛ ከጤፉ ላይ ሊወርድ አይችልም ማለት ነው።

ነገር ግን ጠንቃቃው ተማሪ እዚህ ላይ አይቆምም፤ አዋጁን ወደ መጀመሪያው ገልጦ የተፈጻሚነቱን ወሰን ያነባል። አዋጁ ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት ላይ የተመሠረተን የሥራ ግንኙነት አይሸፍንም። ታዲያ የገበሬው እረኛ በየትኛው ወገን ይቈጠራል? ጤፉን ለገበያ የሚያወጣ፥ በሬዎቹንም አደልቦ የሚሸጥ ገበሬ የቀጠረው እረኛ የትርፍ ሥራ ሠራተኛ ነውን፥ ወይስ ከቤት አገልጋይ ጋራ የሚደመር ነው? በዚህ ጥያቄ ላይ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ቢጻፍ፥ ስለ ሩቅ አገር የመኪና ፋብሪካ ከሚጻፉት ዐሥር ጽሑፎች ይልቅ ለምሥራቅ ጎጃም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የትምህርቱ ጥንተ ነገር ከእኛ ርቆ የተጀመረ መሆኑ እርግጥ ነው። በእንግሊዝ አገር ሲድኒና ቢያትሪስ ዌብ የሚባሉ ባልና ሚስት ሠራተኞች በአንድ ድምፅ ስለ ደመወዛቸው የሚደራደሩበትን ሥርዓት መርምረው በ1897 እ.ኤ.አ. ታላቅ መጽሐፍ አሳተሙ። በአሜሪካም የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ጥናት ብቻ የቆመ ትምህርት ቤት በ1945 እ.ኤ.አ. ከፈተ። እኛም ብንሆን ከዓለም ወደ ኋላ የቀረን አልነበርንም፤ ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ የዓለም አቀፉም የሥራ ድርጅት አባል ሆናለች። የሠራተኞችን የመደራጀትና በኅብረት የመደራደር መብት የሚመለከቱትን ሁለቱን ታላላቅ ስምምነቶች፥ ቁጥር 87ንና ቁጥር 98ን፥ በ1955 ዓ.ም. አጽድቃለች። በዚያው ዓመት የድሬዳዋ የምድር ባቡር፥ የወንጂ ስኳር ፋብሪካና የሌሎችም ድርጅቶች ሠራተኞች ሲታገሉለት የቆዩት የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በሕግ ታወቀ።

የመጻሕፍተ ብሉያትና የሐዲሳት ሊቃውንት በሞሉበት በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ወርቅ አካባቢ ላደገ ሰው ግን የነገሩ ሥር ከዚህም ጠልቆ ይሄዳል። የኦሪት ሕግ የምንደኛው ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈለው ያዝዛል፤ ሐዋርያው ያዕቆብም ባለጠጎች ያስቀሩት የአጫጆች ደመወዝ ወደ ሰማይ እንደሚጮህ ይናገራል። በወይን ቦታው ምሳሌ፥ ከጧት ጀምረው የደከሙት ሠራተኞች ማታ ከመጡት ጋራ እኩል በተከፈላቸው ጊዜ አጕረመረሙ። መምህራኖቻችን ይህን የጸጋ ምሥጢር አድርገው ይተረጕሙታል፤ መተርጐማቸውም ይገባል። የዚህ ትምህርት ተማሪ ግን በዚያ ማጕረምረም ውስጥ ስለ ደመወዝ እኩልነት የቀረበ አቤቱታ ቢሰማ ከመንገድ ወጣ አይባልም፤ ባለቤቱ ለአጕረምራሚዎቹ መልስ መስጠቱ፥ መልሱም ውሉን ጠቅሶ መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነውና።

ከመጻሕፍቱ ወደ ሕጉ ታሪክ፥ ወደ 1956 ዓ.ም. ልመልሳችሁ። በዚያ ዓመት ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210ም ወጣ። አዋጁ ለሠራተኛው ሀብት አልሰጠውም፤ የሰጠው በር ነው። በደመወዙ ወይም በአሠሪው አያያዝ ያዘነ ሠራተኛ በማኅበሩ በኩል አቤት ይላል፤ አስታራቂ ይገባል፤ ካልሆነም ነገሩ ለዚሁ ወደ ተቋቋመው ቦርድ ይሄዳል። በሩ ጠባብ ነበር፤ ደጅ ጥናቱም ረዥም ነበር፤ ቢሆንም ነበረ።

ለገበሬውስ? ይህን ጥያቄ ቢቸናና ሞጣ ራሳቸው በደም የመለሱት ነው። በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ፥ የእያንዳንዱን ገበሬ ምርት የሚገምቱ ሰዎች ወደ ጎጃም ተላኩ። የጎጃም ገበሬ መሬቱን የሚይዘው በርስት ነው፤ ርስቱን ደግሞ ከአያት ከቅድመ አያት ተቈጥሮ የወረደ፥ በገማች ሚዛን የማይሰፈር ክብር አድርጎ ያየዋል። ስለዚህም የመጣውን ገማች ዛሬ እህሌን የሚሰፍር፥ ነገ መሬቴን ለክቶ የሚወስድ ነው ብሎ ጠረጠረው። በሞጣ፥ በቢቸናና በዳሞት አውራጃዎች ገበሬው ግብሩን አልከፍልም አለ፤ አቤቱታ አቀረበ፤ ከአገረ ገዢው ከደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር ጋራም ተካረረ። መጨረሻው ጠመንጃ ሆነ፤ ጦር ተላከ፤ በአውሮፕላን ሳይቀር ተደበደበ። ከዚያ ሁሉ ጥፋት በኋላ አገረ ገዢው ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ፤ ውዝፉም ግብር ተማረ።

የዚህ ትምህርት ሊቃውንት ይህን ዐመፅ ከሥራ ክርክር አይቈጥሩትም፤ ግብር ከፋይና መንግሥት አሠሪና ሠራተኛ አይደሉምና ትክክል ናቸው። ነገር ግን ለተማሪው የሚያቀርበው ማነጻጸሪያ እጅግ ከባድ ነው። በዚያው ዘመን፥ በዚያው መንግሥት፥ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ሲበደል የሚያንኳኳው በር ነበረው፤ የሞጣው ገበሬ ግን እሱንና መንግሥትን እኩል አስቀምጦ የሚያነጋግር አንድ ሸንጎ አልነበረውም። በ1966 ዓ.ም. በየካቲት ወር መጨረሻ የሠራተኞች አንድነት ማኅበር አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ሲያደርግ ነገሩ በአራት ቀን ውስጥ ከመንግሥት ጋራ በተደረገ ስምምነት ተቋጨ፤ ጥይት ከመተኮሱ በፊት የሚቀመጡበት ጠረጴዛ፥ የሚናገርላቸውም እንደራሴ ስለ ነበራቸው ነው። የጎጃሙን ውዝፍ ግብር ለመማር ግን ሬሳ መቍጠር ግድ ሆነ። የአሠሪና የሠራተኛን ትምህርት ከሌሎቹ ጥበባት የሚለየው ዋናው ነገር ይኸው ይመስለኛል፤ ሰው እንዳይጣላ ማድረግ አይደለም ዓላማው፤ ጥል ሲነሣ የሚቀመጡበትን ወንበር አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው።

በነገራችን ላይ፥ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻ ባላገሮች ያላግባብ የተጫነባቸውን ግብር አንሰጥም ብለው የሚነሡበት ቦታ ዲማ፥ ማለትም የቢቸና አገር ነው። ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ እውነተኛው ዐመፅ ተነሣ። ደራሲው ነቢይ ናቸው ለማለት አይደለም፤ አገራቸውን ያውቁ ነበር። እኔ መምህር ብሆን ኖሮ የዚህን ትምህርት ተማሪ ከማናቸውም የውጭ አገር መጽሐፍ በፊት ይህን ልብ ወለድ አስነብበው ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ዘመናችን፥ በዓመት በዓመት ከደጃችን ወደሚወጣው ሠራተኛ እንሂድ። ክረምት ሲገባ ለአረም፥ ከመስከረም በኋላ ደግሞ ለአጨዳ፥ ከጮቄ ተራራ ግርጌ፥ ከቢቸና፥ ከደብረ ወርቅና ከሞጣ ብዙ ወጣት እየተጫነ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ይወርዳል። የሚወርደው ለሰሊጥ ነው። ሰሊጥ ጠባዩ ልዩ የሆነ አዝመራ ነው፤ ፍሬው የሚቀመጥበት ከረጢት ሲደርቅ አፉን ይከፍታል፤ በዚያ ጊዜ ያልታጨደ እንደ ሆነ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል፤ የባለቤቱ የዓመት ድካም በጥቂት ቀን ውስጥ አፈር ይሆናል።

ከዚህ ጠባይ የተነሣ የአሠሪውና የሠራተኛው ኃይል እንደ ወቅቱ ይገለባበጣል። በአረሙ ወራት ሥራ ፈላጊው ብዙ ሲሆን፥ ባለ እርሻው «በዚህ ዋጋ ካልወደድህ መንገዱ ያውልህ» ሊል ይችላል። ሰሊጡ አፉን ሊከፍት በደረሰ ጊዜ ግን ልመናው ከባለ እርሻው ይሆናል፤ ጧት የተነገረው ዋጋ ማታ ይጨምራል፤ ሠራተኛውም ቡድን ሠርቶ፥ በመካከሉ አፈ ጮሌ የሆነውን መርጦ፥ ለአንድ ማሳ ይህን ያህል ካልሆነ አናጭድም ይላል። ይህ እንግዲህ ዌብና ባለቤታቸው በመጽሐፍ የጻፉለት የኅብረት ድርድር ራሱ ነው። ማኅበር የለም፥ ማኅተም የለም፥ ቃለ ጉባኤም የለም፤ ድርድሩ ግን አለ። ጉድለቱ፥ በዛፍ ሥር የተገኘው ድል ወደ ወረቀት ስለማይገባ አጨዳው ሲያልቅ አብሮ ማለቁ ነው፤ ሒሳቡ ሲደረግ «እንዲህ አላልሁም» ማለት ይመጣል። አዋጁ በአንጻሩ፥ የሥራ ውል በቃል ሊደረግ እንደሚችል ከተናገረ በኋላ፥ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያስገድደዋል፤ ባይሰጠውም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ይህን አንቀጽ የሚያውቅ አጫጅ ስንት ይሆን?

ገንዘቡ ቢቀር ይቅር፤ ከገንዘቡ የሚብስ ነገር አለ። የደጋ ልጅ ወደ ቆላ ሲወርድ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር የሚባለው ደዌ ያገኘዋል። ይህ በሽታ በመተማና በሁመራ የታወቀ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያጠቃውም ሰውነቱ ያልለመደውን፥ በእርሻው ውስጥ ያለ አጎበር ውጭ የሚያድረውን የደጋ ሠራተኛ ነው። ትኵሳቱ የሚነሣው፥ ሆዱም የሚነፋው ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ ወደ አገሩ ከተመለሰ ወዲያ ስለ ሆነ፥ ሞጣ ላይ የታመመው ሰው በሽታውን የሸመተው በሰው እርሻ ላይ መሆኑ ይዘነጋል። ካልታከመ ይገድላል።

እንግዲህ ተማሪው «በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ ነውና ካሣ ይገባዋል» ብሎ አዋጁን ይገልጣል። አንቀጽ 98ን ሲያነብ ግን ሌላ ነገር ይገጥመዋል፤ ሥራው በሚሠራበት አካባቢ የሚዛመት ወይም ነዋሪ የሆነ በሽታ በሥራ ምክንያት እንደ መጣ በሽታ አይቈጠርም፤ እንዲቈጠር የተፈቀደው ያንኑ በሽታ ለማጥፋት ለተሰማሩ ሠራተኞች ብቻ ነው። የድንጋጌው ምክንያት አይጠፋኝም፤ ወባ ባለበት አገር ወባ የያዘውን ሁሉ አሠሪው ይካሰው ቢባል አሠሪ አይኖርም፤ የአገሩ ነዋሪም ሥራ ሠራ አልሠራ ይታመማልና። ይህ ምክንያት ግን ለመተማ ተወላጅ እንጂ ለሞጣው ልጅ አይሆንም። የሞጣው ልጅ በቀዬው ቢቀመጥ ኖሮ የአሸዋው ዝንብ ባላገኘው ነበር፤ ከበሽታው ጋራ ያገናኘው ሥራው ብቻ ነው። በእኔ ፍርድ ይህ አንቀጽ ከሩቅ አገር ተጠርቶ ለመጣ ወቅታዊ ሠራተኛ ሲሆን ርትዕ ይጎድለዋል፤ ቢያንስ አሠሪው አጎበር እንዲያቀርብ፥ ለሕክምናውም እንዲያዋጣ የሚያስገድድ የተለየ ደንብ ያስፈልጋል። ከቢቸና የሄደ የሕግ ተማሪ ይህን ጉዳይ ካልያዘው ማን ይይዘዋል?

ስለ ቤት ሠራተኞችም አንድ ቃል ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ከዚሁ አገር ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ የምትሄደው ልጃገረድ፥ እንደ እረኛው ሁሉ «እንደ ልጄ» ተብላ ትገባለች። አዋጁ እርሷን ከወሰኑ ውጭ አድርጎ፥ ሁኔታዋ በሌላ ደንብ እንዲወሰን ትቶታል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ከአሠሪው ጋራ አብሮ የሚኖር ሠራተኛ ጤናና ግብረ ገብ እንዲጠበቅ ከሚያዝዘው ድንጋጌ በቀር ስለ ሥራ ሰዓቷ የሚያጠግብ ነገር አይነግራትም። በፋብሪካ ያለችው እኅቷ በቀን 8 ሰዓት፥ በሳምንት 48 ሰዓት ሠርታ፥ ከዚያ ላለፈው ትርፍ ሰዓት ይታሰብላታል፤ ብትወልድ ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍት አላት። የቤት ሠራተኛዋ ብታረግዝ የምታገኘው መልስ ጓዝሽን ያዢ የሚል ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ዩኒቨርሲቲው እንዴት ያስተምረዋል? ተማሪው አዋጁን በአንቀጽ በአንቀጽ ያነባል፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ያሳተማቸውን የውሳኔ ቅጾች ይመረምራል፤ ከነዚያ ውሳኔዎች ቍጥራቸው ብዙ የሆነው ስለ ሥራ ክርክር መሆኑን የሚያውቅ ውጭ ያለ ሰው ጥቂት ነው። ደመወዝ በገበያ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ያጠናል፤ አዋጁ የዝቅተኛ ደመወዝን መጠን ራሱ ሳይቈርጥ ለሚቋቋም የደመወዝ ቦርድ ለምን እንደ ተወው ይከራከራል። ዐሥር ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ሠራተኞቹ ማኅበር ማቋቋም እንደሚችሉ፥ አድማ ከመደረጉ በፊትም የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት እንደሚገባ ይማራል። ሲመረቅ የድርጅት የሰው ኃይል ኃላፊ፥ የማኅበር አማካሪ፥ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ፥ ጠበቃ ወይም ዳኛ ይሆናል። ሰውን መቅጠርም ሆነ መቀጠር እስካልቀረ ድረስ እንጀራው የማይጠፋ ሙያ ነው።

በዚህ የትምህርት አሰጣጥ ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ተማሪው ከሚያነበው ውስጥ ስለ አጫጁ፥ ስለ እረኛውና ስለ እኩል አራሹ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ ፍርድ ቤት የሚደርሰው የድርጅት ሠራተኛ እንጂ እነዚህ ስላልሆኑ፥ በውሳኔ ቅጾቹም ውስጥ ስማቸው አይገኝም። በወንፈልና በደቦ የሚሠራው ጉልበት እንኳ፥ ገንዘብ ሳይከፈልበት የራሱ የሆነ የመመላለስ ሕግ ኖሮት ሳለ፥ ከዕለት ወደ ዕለት በቀን ሠራተኛ እየተተካ ሲሄድ፥ ለውጡን ማንም ቁጭ ብሎ አልመዘገበውም። ስለዚህ እናንተ ለዕረፍት ወደ ቢቸና፥ ወደ ደብረ ወርቅ፥ ወደ ሞጣ የምትመለሱ ተማሪዎች፥ ደብተራችሁን ይዛችሁ ከሽማግሌዎች ፊት ተቀመጡ፤ እረኛ በስንት ቁና እንደሚያዝ፥ በግ ሲጠፋ ማን እንደሚዳኝ፥ አጫጁ ከሁመራ ስንት ይዞ እንደሚመለስና ስንት እንደሚቀርበት ጠይቃችሁ ጻፉ። ፈተና የሚወጣበት ባይሆንም ሙያችሁ የሚቆመው በዚያ ላይ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ያልገባችሁ፥ ነገር ግን ዘንድሮ ወደ ቆላ የምትወርዱ ወንድሞቻችንም፥ ከመሣፈራችሁ በፊት አሠሪውን ወይም ደላላውን ሦስት ነገር ጠይቁት፤ ዋጋው በቀን ነው ወይስ በማሳ? የሚከፈለው መቼ ነው? አጎበር አለ ወይ? መልሱን ፊደል ከሚያውቅ ባልንጀራችሁ ጋራ በወረቀት ጻፉት፥ ሰውዬው ይፈርምበት፤ ባይፈርም እንኳ ምስክር ይስማው። ከቆላ ተመልሳችሁ በወራት ውስጥ ትኵሳት ቢጀምራችሁ ለሐኪሙ «መተማ ነበርሁ» ወይም «ሁመራ ነበርሁ» ማለትን አትርሱ። የተነፈጋችሁ ደመወዝ ቢኖርም በሽምግልና ብቻ ስትመላለሱ ጊዜው እንዳያመልጣችሁ ተጠንቀቁ፤ በአዋጁ መሠረት የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ክስ ካልቀረበበት በይርጋ ይታገዳል፤ በኅዳር ያልተከፈለ የአጨዳ ዋጋ ከግንቦት በኋላ ፍርድ ቤት አይሰማውም።